«እናታችን አትድንም ተባልን፤ እንንገራት ወይስ በተስፋ ትሂድ?»

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሆዷ እያበጠ ሲመጣ ሆስፒታል ወሰድናት፤ የጉበት ካንሰር እንደሆነና እንደተሰራጨ ሐኪሙ ለእኛ ለልጆቿ ለይቶ ነገረን። ከእንግዲህ ሥቃይ ከማስታገስ በቀር የሚደረግ የለም አለ። ለእሷ ግን ‹ጨጓራሽ ተቆጥቶ ነው› ብለናታል። ታላቅ ወንድሜ መድኃኒቱ ይቅርና ጸበል ቦታ ትክረም ይላል፤ ቤቱን ሸጠን ውጭ ሀገር እንውሰዳትም ይላል። ታናሹ ጴንጤ ነው፤ ‹ሞትን በአፋችሁ አትጥሩ፣ እምነት ካላት ትድናለች› ይለናል። ሰሞኑን ጎረቤታችን፣ የእናቴ የረጅም ጊዜ ጓደኛ የሆኑ ሙስሊም እናት፣ ‹መገነዣዋን ከሳጥን አውጥታ አሳየችኝ› አሉኝ። ሐኪሙ ለሥቃይ ማስታገሻ ያዘዘውን ሞርፊን ፈርተን አላስጀመርናትም። እኔም ሌሊት ሌሊት ሞትን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እምነት ስለሌለኝ ይሆን? አጋሮ ያለችው አክስቴም ከእናቴ ጋር በውርስ ተኳርፈው ቆይተዋል፤ እሷንስ እንጥራት?»

ምላሽ፦

ንገሯቸው። መልሴ ይህ ነው፤ የሚቀረው መቼ፣ እንዴትና በማን አፍ የሚለው ነው። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ሥቃይ ማስታገስ ሥራዬ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም በዲቁና አገለግላለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽን በሕክምናውም በእምነቱም በኩል እመልሰዋለሁ። ቀኖና የሚሻውን ግን ለእናትሽ የነፍስ አባት እተወዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታረም፤ ከእናትሽ የደበቃችሁት ነገር የለም። መገነዣቸውን ከሳጥን አውጥተው ለጓደኛ ያሳዩ እናት የሚመጣውን አውቀውታል። ሆዳቸው እያበጠ፣ ክንዳቸው እየከሳ፣ ልጆቻቸው በር ላይ ሲንሾካሾኩ እያዩ «ጨጓራ ነው» የሚለውን አምነው የተቀበሉ አይምሰልሽ። ያመኑ የሚመስሉት እናንተን ላለማሳዘን ነው። እናንተ ለእሳቸው ብላችሁ ዝም ትላላችሁ፣ እሳቸው ለእናንተ ብለው ዝም ይላሉ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ሁላችሁም ለየብቻችሁ ታለቅሳላችሁ። ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ለጎረቤት የነገሩት፣ ጎረቤትየዋ «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ብለው አፋቸውን ስላልዘጉባቸው ይመስለኛል። እኒያን እናት አመስግኚልኝ። ሃይማኖታቸው ቢለያይም የእናትሽን ሸክም ከሁላችሁም ቀድመው የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

መደበቃችሁ ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። መርዶ ሲነገር አስቢ፦ ወሬው ማታ ቢደርስ እንኳ ሰውየው ሌሊቱን እንዳይሰቃይ እስኪነጋ ይቆያል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚናገረው ሰው ተመርጦ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው የሚነገረው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ የጥበቡ ቁም ነገር ግን ሰው ክፉ ወሬን ብቻውን እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ሕመምተኛ ሲሆንብን ጥበቡን ትተን ዝምታውን ብቻ ያዝን። ሁለተኛው ምክንያታችሁ «ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች» የሚለው ነው። እውነቱን በአግባቡ የሰማ ሕመምተኛ ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ጥቂት ቀን ከሰው ይርቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ሲረጋጉ አይቻለሁ። የሚያደክማቸው የነበረው ከበሽታው ጋር አብሮ የመጣው ድብብቆሽ ነበርና።

ደግሞም ሕመሙ ራሱ ጊዜ አይሰጣችሁም። ጉበት ከደም ውስጥ ጎጂ ነገሮችን የሚያጣራ አካል ነው። ሥራው ሲደክም እነዚያ ነገሮች ወደ አንጎል ይደርሱና ሰው ይፈዛል፣ ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ የልጁን ስም ይሳሳታል፣ ብሎም ቢጠሩት የማይነቃ ይሆናል። ይህ በቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም ውስጣዊ የደም መፍሰስ ያፋጥነዋል። በመድኃኒት የሚመለስበት ጊዜ አለ፣ የማይመለስበትም አለ። ስለዚህ «ትንሽ ቆይተን እንነግራታለን» የምትሉት ነገር፣ ሳይታወቃችሁ፣ ጨርሶ ላለመንገር መወሰን ይሆናል። ዛሬ ውዳሴ ማርያማቸውን በራሳቸው አንደበት የሚደግሙ ከሆነ ዛሬ ጊዜው ነው።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ ልምጣ። ሁለቱም እናታቸውን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ታላቁ ጸበል ይሁን ማለቱ ትክክል ነው፤ መድኃኒት ይቅር ማለቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ጸለየ፣ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከጸሎቱ መልስ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም መድኃኒትን እንደማይንቅ ይናገራል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ አሳስበዋል። እናትሽ አቅም ካላቸው በአቅራቢያቸው ካለ ጸበል ይጠመቁ፤ ከሌላቸው በቤት ይረጩ፣ ይቀቡ። የማልመክረው ሩቅ መንገድ አንገላትቶ መውሰድን፣ በብርድ ማሳደርን፣ ላበጠ ሆድ ብዙ ሊትር ማስጠጣትን ነው። በባህል መድኃኒት ስም የሚሰጥ ሥራ ሥር ደግሞ የተጎዳን ጉበት ጨርሶ ሊያደክመው ይችላልና ይቅርባቸው።

ታናሹ ስለ ፈውስ መጸለዩ ትክክል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አፍሮዲጡ «ታሞ ለሞት እንኳ ቀርቦ ነበርና» ብሎ እግዚአብሔር እንደማረው ይመሰክራል። ግን ያው ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለሚደጋግመው ሕመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል። እነዚህ እምነት የጎደላቸው ሰዎች ነበሩ የሚል ማን ነው? የኤልሳዕን ነገር ደግሞ ወንድምሽ እንዲያነበው አድርጊ። የሱነማይቱን ልጅ ከሞት ያስነሣ ነቢይ ነው፤ ኋላ ግን «በሚሞትበት በሽታ» ታሞ ሞተ ይላል 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 13። ከተቀበረ በኋላ እንኳ አጥንቱ የነካው ሬሳ ተነሥቷል። የእግዚአብሔር ኃይል ከኤልሳዕ እስከ መቃብሩ አልራቀም፤ ኤልሳዕ ግን በበሽታው ሞቷል።

«እምነት ካላት ትድናለች» የሚለውን ንግግር እናትሽ አጠገብ እንዳይደግመው በፍቅር ንገሪው። የማይድኑ ከሆነ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚቀርላቸው «እምነት ጎድሎኝ ነው» የሚል ጸጸት ብቻ ነው፤ ይህን ሸክም በሟች ላይ መጫን ጭካኔ ነው፣ ምንም እንኳ እሱ በጭካኔ ባያስበው። «በኃጢአቷ ነው» የሚል ዘመድ ከመጣም፣ ጌታ ስለ ዕውሩ ሲጠየቅ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ማለቱን፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎችም ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ማስተማሩን አስታውሱት።

የክርስቲያን ተስፋ የት ላይ እንደቆመ እዚህ ላይ መነገር አለበት። ሕዝቅያስ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ከዚያ ሞተ። አልዓዛር ከአራት ቀን መቃብር ወጣ፤ እሱም ኋላ ሌላ ቀን ሞቷል። የተፈወሰ ሁሉ፣ እናትሽም ነገ በተአምር ቢነሡ፣ አንድ ቀን ያርፋሉ። ተስፋችን ካንሰሩ ይጠፋል በሚለው ላይ ብቻ ከቆመ፣ ካንሰሩ ባልጠፋ ቀን አብሮ ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያን የምትሰብከው ተስፋ ግን ከሞት ወዲያ ያለ ነው። ጌታ ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ፤ የሚያምንብኝ ቢሞት እንኳ ሕያው ይሆናል» ሲላት «ቢሞት እንኳ» ብሏል፤ ሞትን አልካደም፣ አልሸሸገላትም። እናትሽ በየፋሲካው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ሲባል ሰምተው «አሠሮ ለሰይጣን፣ አግዐዞ ለአዳም» ብለው የመለሱት ለዚህ ቀን ነው። ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ ልንሰጣቸው አንችልም። «ጨጓራ ነው» እያልን ግን ይህን ተስፋ እንዳንነግራቸው ራሳችን መንገዱን ዘጋነው፤ ለጨጓራ ትንሣኤ አይሰበክም።

ስለ ራስሽ የጠየቅሽው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ይኖራል። ሞትን መፍራት አለማመን አይደለም። ጌታ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ጽዋዋ እንድታልፍም ለመነ። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ፣ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ፣ አለቀሰ። ጳውሎስ ሞትን ጠላት ብሎ ጠርቶታል፤ «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው»። ጠላት ገና እስኪሻር ድረስ ያስፈራል። ስለዚህ «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚሉሽን አትስሚ። ለተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» ነው፤ ማዘንን አልከለከለም፤ የሚጠይቀው ሐዘናችን ተስፋ ያለበት እንዲሆን ነው። ፍርሃቱ ሌሊት ሲመጣብሽ ለመከራከር አትሞክሪ። ተነሺ፣ መዝሙር 22ን («እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን) ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ፤ ሲነጋም ለአንድ ሰው ተናገሪ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም መኖርን ከጠላሽ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ያም ቢሆን የእምነት ጉድለት አይደለም።

ወደ አነጋገሩ እንምጣ። የምትናገሪው አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፣ የምታስታምሚያቸው አንቺ ነሽና። ቢቻል የነፍስ አባታቸው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ እንዲመጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ ሥቃያቸው በተገታበት፤ ጠያቂ የሚበዛበት ሰዓት አይሁን። ብዙ ሰው አትሰብስቢ፤ ወንድሞችሽ በአጠገብ ካሉ ይበቃል፣ እንዳይከራከሩ ግን አስቀድመሽ አስማሚያቸው። ከዚያ ከመናገርሽ በፊት ጠይቂ፦ «እማዬ፣ ይሄ ሕመምሽ ምን ይመስልሻል?» ብዙ ጊዜ መልሱን እሳቸው ይሰጡሻል። «እኔ እንጃ፣ የሚድን አልመሰለኝም» ካሉ «ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያሉን፤ እኛ ለመናገር ፈርተን ነበር» በይ። ዝም ካሉ ደግሞ «ሐኪሙ ያሉንን ልንገርሽ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ጠይቂ። «ይቅር» ካሉ ይቅር። እውነቱን የማወቅ መብት አላቸው፣ ላለመስማትም እንደዚሁ፤ በግድ መንገር ከመደበቅ አይሻልም። በሩ ግን ክፍት እንደሆነ ይወቁ፤ «በፈለግሽ ቀን ጠይቂኝ፣ አልዋሽሽም» በያቸው። ያን ካልሽ ደግሞ አትዋሺ።

ወር ወይም ሳምንት አትቁጠሪላቸው። ሐኪምም በእርግጠኝነት አያውቀውም፤ የተነገረ ቁጥር ካለፈ እንደ ተአምር፣ ካነሰ እንደ ክሕደት ይቆጠራል። «ምንም አይደለም፣ ትድኛለሽ» ብለሽም አትመልሺው። ሲያለቅሱ እጃቸውን ይዘሽ ተቀመጪ፤ መናገር አይጠበቅብሽም። ንጉሥ ሕዝቅያስን ኢሳይያስ «ትሞታለህና፥ በሕይወትም አትኖርምና ቤትህን አስተካክል» ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ነበር። ያ ልቅሶ ነው ጸሎት የሆነው። እውነቱን ባይሰማ ኖሮ ያን ጸሎት አይጸልይም ነበር።

ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ ሕሙማን የሚፈሩት ነገር ይወጣል። ከመሞቱ ይልቅ ሥቃዩን የሚፈሩ አሉ፤ ከእግዚአብሔር ፊት መቅረቡን የሚፈሩ አሉ፤ የሚተዉትን ቤትና የተቀያየሙትን ሰው እያሰቡ የሚጨነቁም አሉ። እያንዳንዱ ሌላ መልስ ይሻል።

ለሥቃዩ መልሱ ሞርፊኑ ነው። ዛሬውኑ አስጀምሯቸው። «ሞርፊን የተሰጠው ሰው ይሞታል» የሚለው ወሬ የመጣው መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ስለሚሰጡት ነው፤ የገደላቸው በሽታው ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ይታማል። በሐኪም ልክ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ ለሥቃይ በአግባቡ የሚወስደውን ሕመምተኛም የሚፈራውን ያህል ሱሰኛ አያደርገውም። በሥቃይ የሚገላበጥ ሰው መጸለይም፣ ንስሐ መግባትም፣ ልጆቹን መመረቅም አይችልም፤ ሥቃይን በግድ መቻል ጽድቅ አይደለም። በአፍ የሚወሰደው ሽሮፕ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የሚሰጠው ሕመሙ እስኪመለስ ተጠብቆ ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቆ ነው። የእናትሽ ጉበት ስለደከመ ግን ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሰዓቱን ሊያራርቅ ይችላል፤ ያዘዘውን ብቻ ተከተሉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ያበዛል፤ ቢጠሩ ካልነቁ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ሆድ ያደርቃልና የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት በዚያው ቀን ይታዘዝላቸው፤ ቀደም ብዬ እንዳልኩት ድርቀት ለእሳቸው የአእምሮ መፍዘዝም ያመጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪሙ ከወሰነው አይለፍ። የሆዳቸው ውኃ ትንፋሽ የሚያሳጥራቸው ከሆነ በመርፌ ሊቀዳ እንደሚችል ጠይቁ፤ ተመልሶ ይሞላል፣ ግን ለቀናት ያሳርፋል።

ስለ ምግብም በዚሁ ልጨምር። በዚህ ደረጃ የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው ሰውነት ምግቡን መጠቀም ስለሚያቅተው ነው፤ ባለመብላታቸው አይደለም የሚደክሙት። አጥሚቱን በማንኪያ እየገፋችሁ «ብዪ እንጂ» አትበሏቸው። የሚፈልጉትን ያህል፣ የሚፈልጉትን ነገር፣ ሁለት ጉርሻም ቢሆን ይብቃ። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል እምቢ ካሉ ጾም ለታመመ ሰው እንደሚፈታ የነፍስ አባታቸው ይንገሯቸው፤ ከእናንተ አፍ አይቀበሉም።

ከእግዚአብሔር ፊት መቅረቡን ለሚፈራ ሰው መልስ ያለው በነፍስ አባቱ ዘንድ ነው፤ እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት መዘግየት ነው። ቄስ ሲመጡ «ልትሞት ነው ማለት ነው» ብሎ እንዳይደነግጥ እየተባለ ካህን የሚጠራው ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ግን ንስሐ መናገር አይችልም። የቀንዲል ጸሎት (ካህን ለታመመ ሰው ጸልዮ ዘይት የሚቀባበት ሥርዓት) ለሟች ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ያዕቆብ በመልእክቱ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ» ያለው ለሕመምተኛ ሁሉ ነው። እናትሽ ይቀቡ፤ ንስሐቸውን ይናገሩ፤ ቅዱስ ቁርባን እንዴትና መቼ እንደሚቀበሉ ካህኑ ሁኔታቸውን አይተው ይወስኑ። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ረጅም የሥራ ዝርዝር አልነበረውም፤ «አስበኝ» አለ፣ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ታናሽ ወንድምሽ የራሱ አገልጋዮች መጥተው እንዲጸልዩ ከፈለገ እናትሽን ይጠይቅ፤ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ለሙታን ስለሚጸለየው ጸሎት፣ ስለ ፍትሐትና ተዝካር ያለውን ልዩነት ደግሞ አልጋው አጠገብ አትከራከሩበት። እናትሽ በኖሩበት ሥርዓት ይሸኙ፤ ይህንን የሚያከብር ልጅ የራሱን እምነት አልካደም።

አክስትሽን ጥሪ። ዛሬ ደውዪ፤ አጋሮ ሩቅ አይደለም። ግን ሁለቱን ሳታዘጋጂ ፊት ለፊት አታገናኚ፤ እናትሽን «እህትሽ ብትመጣ ደስ ይልሻል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ለአክስትሽም እውነቱን ንገሪያት፣ «ትንሽ አሟታል» ብለሽ አትጥሪያት። ስለ ውርሱ ማን ትክክል ነበር የሚለው በዚያ ቀን አይነሣ፤ ይቅርታ መባባል ይበቃል። አክስትሽ እምቢ ካለች የቻልሽውን አድርገሻል፤ እናትሽ በልባቸው ይቅር ማለት እንደሚችሉ የነፍስ አባታቸው ይነግሯቸዋል።

ቤቱን ሸጦ ውጭ ሀገር መሄዱን በተመለከተ፣ የምርመራውን ውጤት በሙሉ ይዛችሁ ሌላ የካንሰር ሐኪም አማክሩ፤ ያ መብታችሁ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ይሁን፦ «ይህ ሕክምና ዕድሜያቸውን ወይም ምቾታቸውን በእርግጥ ይጨምራል ወይ?» ሁለተኛውም ሐኪም የመጀመሪያውን ካጸና ቤቱን አትሽጡ። ፍቅራችሁን ለማሳየት መደኽየት አይጠበቅባችሁም፤ እናትሽም ቢጠየቁ አይፈቅዱም። በመንገድ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈ፣ ልጆቻቸውን ሳይሰናበቱ የሄዱ ሰዎች ቤተሰብ የሚጸጸተውን ጸጸት አይቻለሁ።

የእናንተ ቤት ደግሞ በውርስ ጠብ የቆሰለ ቤት ነው፤ ስለዚህ እናትሽ ከፈለጉ ኑዛዜ ይጻፍ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብና ወዲያው እንዲፈርሙበት ይጠይቃል፤ መነበቡና መፈረሙም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት። እናትሽ መጻፍ ከቻሉና ሁሉንም በራሳቸው እጅ ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ ቀን አስገብተው በየገጹ ከፈረሙ ያም ይጸናል። ምስክሮቹ ከውርሱ ተካፋይ ያልሆኑ ቢሆኑ ይመረጣል፤ አእምሯቸው ሙሉ በሆነበት ቀን ይደረግ፣ የሕግ ባለሙያም ያየው። ማንም ልጅ ግን እጃቸውን ይዞ አያስፈርም።

ስለዚህ የምልሽ ይህ ነው፦ ሞርፊኑን ዛሬ አስጀምሪ፣ የነፍስ አባታቸውን ዛሬ አነጋግሪ፣ ይህ ሳምንት ሳያልቅ ለእናትሽ ንገሪ። ከወንድሞችሽ አንዱ ባይስማማም አትጠብቂ፤ እውነቱ የእናትሽ ነው፣ ከልጆቻቸው ድምፅ አይቆጠርበትም። ሐኪሙም በመጨረሻ ቀናት የት መሆን እንደሚፈልጉ እሳቸውን ራሳቸውን እንዲጠይቃቸው አድርጊ። «በቤቴ» ብለው ከመለሱ፣ ትንፋሽ ሲቆራረጥ አይታችሁ በባጃጅ አንስታችሁ አትሩጡ፤ የማን ስልክ እንደሚደወል፣ ሥቃይ ቢበረታ ምን እንደሚጨመር አስቀድማችሁ ከሕክምና ባለሙያው አስጽፉ።

በመጨረሻዎቹ ሰዓታት እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ እየቆመ ይመለሳል፣ ጉሮሮ ያንቃርራል። ማንቃረሩ ለእኛ ያስጨንቃል፤ ሕመምተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ራሱን ስቶ ስለሚሆን አያስጨንቀውም። በጎናቸው አዙሯቸው፣ ከንፈራቸውን በረጠበ ጥጥ አብሱ። መዋጥ ለማይችል ሰው ውኃ አታፍስሱ፣ ጸበልም ቢሆን ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቃል፤ ግንባራቸውን ቀቡበት። መስማት ከሁሉ ኋላ የሚደክም እንደሆነ ስለሚታመን አጠገባቸው ስለ ቀብር ወጪና ስለ እድር ድንኳን አትነጋገሩ። ዳዊቱን ድምፅ አውጥታችሁ ድገሙላቸው፤ ታናሽ ወንድምሽም ተራውን ያንብብ፤ ዳዊት የሁለታችሁም ነው።